ለበቀል የተለቀለቀ ግቢ

ቤቱን ያደስኩት ሰው ለማቃጠል ነው። ሌላው ሰው ሊኖርበት ያድሳል፣ ሊያከራየው ያድሳል፣ እንግዳ ሊቀበልበት ያድሳል። እኔ እታገኝ አጥናፉ ግን የአባቴን ቤት ከአጥሩ እስከ ጣሪያው ያደስኩት፣ አንዲት ሴትዮ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አይታው አንጀቷ እንዲያር፣ ልጇም አይቶት እንቅልፍ እንዲያጣ ብዬ ነው። ይህን ስናገር አላፍርም። ሰቆጣ ውስጥ የማያውቀውም የለም።

ቤታችን ከገበያው በላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው አቀበት ዳር ነው። አያቴ በድንጋይ የገነባው ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ነው። አስቀዳሽ በደጃችን ያልፋል፣ ቀባሪ በደጃችን ያልፋል፣ ሙሽራም በደጃችን ያልፋል። አጥራችን ቢፈርስ ሀገር ያየዋል፤ ቢሠራም ሀገር ያየዋል።

ከወንዳወቅ ጋር የተገናኘነው በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ከከተማው በታች ባለው ሸለቆ ሴቶች ለግድግዳ መቀቢያ የሚሆን ነጭ አፈር ይቆፍራሉ። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ስቆፍር ከፀጉሬ እስከ እግሬ ነጭ ሆኛለሁ። ከላይ አንድ ጎረምሳ ጣውላ ተሸክሞ ሲያልፍ ቆመ።

«እናንተ ቤት የሚቀባው ግድግዳው ነው ሰው?» አለኝ።

አንዱን ጓል አነሳሁና ወረወርኩበት። ደረቱ ላይ አረፈ። ሸሚዙ አዲስ ነበር። ወደ ደረቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ጣውላውን አስቀምጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና ዶማውን ከእጄ ወሰደ። ጆንያዬን እስኪሞላልኝ ድረስ ቆፈረ። ቀና ባለ ቁጥር ያየኛል፤ እኔ የማላየው መስሎኝ ነበር፣ ለካ እያየሁት ኖሯል።

«ይህን ሸሚዝ አላጥበውም» አለኝ ጆንያውን ሲያሸክመኝ።

«እንግዲያው ይግማብህ» አልኩት።

ወደድኩት። ምን ልደብቅ። የአናጢ ተለማማጅ ነበር፤ የባልቴቷ የወለተ ገብርኤል አንድ ልጅ። ከዚያ በኋላ በገበያም፣ በንግሥም፣ ውኃ መንገድ ላይም ዓይናችን እየተፈላለገ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ቀን አጠገቤ ደርሶ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ እንደሚመጣ ነገረኝ። የልጅቷ አባት አላወቀም መባል አለበት፤ ደንቡ ነው። እኔ ግን ለእናቴ ነገርኳት፣ እናቴ ጥሩሐረግ ለአባቴ ነገረችው፣ አባቴም እንዳልሰማ ሆኖ ቅዳሜ በጠዋት ጭቃና እበት ማቡካት ጀመረ።

አባቴ አጥናፉ ያለው ትንሽ፣ ኩራቱ ብዙ የሆነ ሰው ነበር። ሽማግሌ አቧራ ረግጦ እንዲገባ አልፈለገም። ግቢውን በሙሉ በገዛ እጁ ለቀለቀው። እርጥቡን ፍየልና አህያ እንዳይረግጠው ደግሞ በሩ ላይ የቀጋ እሾህ አጋደመ። እኔና እናቴ ውስጥ ሆነን ጠላ ስንጠምቅ፣ እሱ ከጓሮ በኩል «በበሩ እንዳትወጡ፣ ሳይደርቅ» እያለ ሲያስጠነቅቅ ዋለ።

እሑድ ማንም አልመጣም።

አባቴ ነጭ ኩታውን ለብሶ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ምስክር እንዲሆኑ የጠራቸው ጎረቤቶች ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ሰበብ እየፈጠሩ ሄዱ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ተነሥቶ ኩታውን አጠፈና ለእናቴ ሰጣት። ሰኞ ወንዳወቅ ላሊበላ ሄደ ተባለ። በዚያው ሳምንት ወለተ ገብርኤል ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ ሴቶች ከበዋት፣ ልጇ ሐሳቡን እንደቀየረ ተናገረች። ምርጊቱ ከረገፈ ቤት ሚስት አትወጣም አለች። ነገሩ ገበያ ላይ አባቴ ጆሮ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ቤቱን በእጁ አልነካውም። በክረምቱ የአጥሩ ካብ ሲናድ ድንጋዩን አላነሣውም። እናቴ ስትነግረው «ለማን ብዬ» ይላታል። በሁለተኛው ክረምት ሞተ። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። እኔ የገደለውን አውቃለሁ።

በእኛ አገር የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔም አልረሳሁም። የዋግን ማር ወደ ወልድያ እየወሰድኩ መነገድ ጀመርኩ። ሊያገቡኝ የመጡም ነበሩ፤ መለስኳቸው። እናቴ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው እያለች ትመክረኛለች። እኔ አልጸልይም፣ እነግዳለሁ እላታለሁ። እሷም በኽምጣና ታጉተመትማለች፤ ስትናደድ አማርኛው አይበቃትም።

በዘጠና ሰባት መስከረም ላይ ወሬ መጣ። ወለተ ገብርኤል ለልጇ ከደሃና ሚስት አይታለታለች፣ ከላሊበላ ሊመለስ ነው፣ ሠርጉ በጥር ነው ተባለ። ሙሽሪት ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እንግዲህ በእኔ ደጅ ነው። ያን ቀን የወልድያ መንገዴን ትቼ ሠራተኛ ቀጠርኩ።

መጀመሪያ ካቡን አስነሣሁ። አባቴ ያላነሣውን ድንጋይ አንድ በአንድ አስለቅሜ አጥሩን ወገብ ድረስ አስካብኩት። አሮጌውን ምርጊት አስፋቅሁ። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር አስደባልቄ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ሸፍኜ እስኪቦካ አቆየሁት። ጭቃ ሳይቦካ ከተመረገ ይሰነጠቃል፤ ሲቦካ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ ይሸታል። ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሽታው ራሱ የምሥራች ነው። ግድግዳው ከተመረገ በኋላ ከታች በቀይ አፈር፣ ከላይ በነጭ አፈር ቀባነው። የወይራውን መዝጊያ በጠርሙስ ስባሪ አስፍቄ ዘይት አጠጣሁት። መስኮቶቹን አረንጓዴ ቀለም አስቀባሁ። በአጥሩ ሥር ደማከሴና ጤናዳም፣ በመግቢያው ግራና ቀኝ ጽጌረዳ ተከልኩ። ከደጃፉ ውጪ ደግሞ መንገዱን የሚያይ መደብ አሠራሁ።

እናቴ መደቡ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለእኔ ነው አልኳት።

በየጠዋቱ እዚያ መደብ ላይ እቀመጣለሁ። ወለተ ገብርኤል ነጠላዋን አጣፍታ ስትመጣ፣ የምሸጠውን ማር በሚያስንቅ ድምፅ «እንደምን አደሩ እማማ» እላታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እግዜር ይመስገን ትል ነበር። በሁለተኛው ፊቷን መሸፈን ጀመረች። አንድ ቀን ግን ትዕግሥቷ አለቀና ቆመች።

«ግድግዳ ባል አይሆንም፣ እታገኝ» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኳት። «ምርጊቱ ግን አልረገፈም፤ ጠጋ ብለው ይዩት።»

ያን ቀን ቅዳሴ ደርሳ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ምሳዬን ሁለት ሰው የሚበላውን ያህል በላሁ።

ወንዳወቅ የመጣው ጥቅምት ሲያልቅ ነው። መሰላል ላይ ወጥቼ መስኮት ስቀባ ከኋላዬ እግር ቆመ። ዞሬ ሳላይ አወቅሁት። ሰው የሚጠላውን ሰው ኮቴ እንዲህ ያውቃል ወይ? እኔ አወቅሁ። ከመሰላሉ ወረድኩ። ትከሻው ሰፍቷል፣ ጺም አብቅሏል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። ብሩሼ ላይ ያለው ቀለም እግሬ ላይ ይንጠባጠባል።

«ቤቱን አሳመርሽው» አለ።

«ለሚያልፍ ሰው ነው» አልኩት። «እለፍ።»

አለፈ። እኔም ወደ ውስጥ ገብቼ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ፤ የተነሣሁት እሱን ላስለቅስ ነበር። እንባዬን ጠርጌ ስወጣ ግን ቂሜ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

የቀረኝ ግቢው ነበር። ኅዳር እንደገባ አቡክቼ፣ እናቴ ውኃ እያቀበለችኝ፣ በገዛ እጄ ለቀለቅሁት። ሠራተኛ አላስነካሁትም፤ ይህ የአባቴ ሥራ ነው። ስጨርስ አባቴ እንደሚያደርገው የቀጋ ቅርንጫፍ ቆርጬ በሩ ላይ አጋደምኩና ጓሮ ገብቼ እጄን ስታጠብ፣ ከውጪ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁና በአጥሩ ሥር ዞሬ ወደ በሩ መጣሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ገብረ አምላክ ናቸው። አርጅተዋል። ከእሾሁ ወዲያ ቆመው ያዩኛል።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልትመልሺ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

አልገባኝም። ምን ማለትዎ ነው አልኳቸው።

«አባትሽ እኛን የመለሰው በዚህ እሾህ ነው። ነፍሱን ይማረው። ቂሙን ለአንቺ አውርሶሻል ማለት ነው።»

ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም አጥሩን ተደግፈው ነገሩኝ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። እሑድ ደሃና ተዝካር ስለወጣባቸው ቅዳሜውን ይሁን ብለው መጡ። ለእኛ ቤት ማንም አልነገረም፤ አያውቅም ለሚባል አባት ቀን ተቀየረ አይባልማ። ሲደርሱ በሩ ላይ እሾህ ተጋድሟል። የአባቴ ድምፅ ከጓሮ ይሰማል። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ቆሙ፣ ቆሙ፤ እሾሁን የሚያነሣ አልወጣም። ባለቤቱ ውስጥ ሆኖ እሾህ ካጋደመ ለሽማግሌ መልሱ እምቢ ነው። ስለዚህ ተመለሱ። ወለተ ገብርኤል ስትሰማ፣ ተባረርን ከሚባል እኛ ተውነው ይባል አለችና አፋቸውን አስያዘቻቸው።

«ጠርተው ቢጠይቁ ምን ነበረ?» አልኳቸው። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ሽማግሌ ደጅ ላይ አይጮህም፣ ልጄ።»

እሾሁን በባዶ እጄ ያዝኩና ጎትቼ ወደ መንገዱ ወረወርኩት።

«ይግቡ፣ ይርገጡት» አልኳቸው። «እርጥብ ነው። ያን ዕለትም እርጥብ ነበር። አባቴ እናንተን ሊቀበልበት ለቅልቆ፣ ፍየል እንዳይረግጠው ነው ያጋደመው። እሑድ ኩታውን ለብሶ እስኪመሽ ጠበቃችሁ።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ዘርግተው ልቅልቁን ነካ አደረጉት። ጭቃ ይዞ ተመለሰ። ጫፉን አዩት። ከዚያ እኔ ለበቀል ባሠራሁት መደብ ላይ ቁጭ አሉና ሁለቱን እጆቻቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እያሉ ስንት ሰው ያስታረቁ ቄስ ናቸው እኮ። አላዘንኩላቸውም።

ከሰዓት በኋላ ወንዳወቅ መጣ። ነግረውታል። በሩ ክፍት ነው፤ እሱ ግን አልገባም፣ ደፉ ላይ ቆመ።

«ያጋደሙት አባትሽ ናቸው ሲሉኝ፣ አንቺ ያስጋደምሻቸው መሰለኝ» አለ።

«ጠየቅኸኝ?»

«ፈራሁ። አዎ ብትዪኝስ ብዬ ፈራሁ።»

«አንተ ስትፈራ አባቴ ሞተ» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። አንቺስ ለምን አልጠየቅሽም ቢለኝ መልሴ ዝግጁ ነበር፤ የተናቀ አይጠይቅም እለው ነበር። አላለኝም። የደሃናዋን ልጅ እንኳን ሊያገባት አይቷት እንደማያውቅ፣ እናቱ በራሷ እንዳሰበች፣ ላሊበላ ሲቀመጥ ሌላ ሴት ልቡ እንዳልገባች ነገረኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ እወደው ነበር፤ ነጭ አፈሩ ውስጥ ስወደው፣ ሲሄድም ስወደው፣ ስጠላውም ስወደው ኖርኩ። ፍቅሬ ለብቻው ነው፣ ቂሜ ለብቻው ነው። አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም።

«ሽማግሌ ላክ» አልኩት። «እነዚያኑ። እሑድ፣ ሀገር ከቅዳሴ በሚመለስበት ሰዓት። እናትህም ከኋላቸው ትቁም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያኔ ትሰማለህ።»

እሑድ መጡ። ቄስ ገብረ አምላክ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ወለተ ገብርኤል ከሁሉም ኋላ። በሩ ተከፍቷል፤ ሳይባሉ ግን አይገቡም። ሽማግሌም መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አቆምኳቸው። አስቀዳሹ ሁሉ በመንገዱ እየወረደ ያያል፣ ያየውም ቆሞ ይቀራል። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ እናቴ አንጀቷ አልችል አለና ለቄሱ በርጩማ ልታወጣ ተነሣች። እጇን ያዝኳት። አባቴ ምን ያህል እንደተቀመጠ ታውቃለች አይደል? ተመልሳ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። ያን የመሰለ ሕዝብ ፊት፣ አጥናፉ ሰው አክባሪ እንደነበር፣ የተሰናዳላቸውን ቤት እምቢ አለን ብለው ጥለው የሄዱት እነሱ እንደሆኑ፣ ጥፋቱ የእነሱ እንደሆነ ተናገሩ። ቆብ ያላቸው ቆባቸውን አወለቁ። ከሕዝቡ መሀል ያን እሑድ ሰበብ ፈጥረው የሄዱት ጎረቤቶቻችን እንዳጎነበሱ አየሁ። እያንዳንዳቸውን ለይቼ አየሁ። ከዚያ ቄሱ፣ የልጃችሁን እጅ ለልጃችን አሉ።

ወንድ የሚመልስበት ቦታ ነው፤ ቤታችን ወንድ የለውም። እናቴ ተነሥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። የምትለውን ማታውን አስጠንቻታለሁ፤ አልቅሳ ነው እሺ ያለችኝ።

«ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም» አለች እናቴ። «የሚፈልጋት ይግባ።»

መንገዱ አጉረመረመ። በእኛ አገር ሚስት ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች። ወደ ሚስቱ ቤት የገባ ወንድ እንደ ሴት ተዳረ ይባላል፤ ልጅ የልጅ ልጅ ይሰደብበታል። ለዚያውም የባልቴት አንድ ልጅ። ወለተ ገብርኤል ከኋላ ስትቃትት ተሰማኝ። ያን ድምፅ ነበር ስንት ዓመት የጠበቅሁት።

ወንዳወቅ ሽማግሌ ባለበት መገኘት አልነበረበትም፤ አጥሩ ጥግ ቆሞ ኖሯል። ሰዉን ከፍሎ መጣ።

«እገባለሁ» አለ።

ወደ እናቱ አልዞረም። እኔን ነው የሚያየው። ሸሚዙን ያበላሸሁበት ቀን እንዳየኝ አድርጎ ነው ያየኝ፤ እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ ቀን አየሁት። ከዚያ ከትከሻው በላይ የእናቱን ፊት አየሁና ደስ አለኝ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ደስ አሉኝ፣ ምን ላድርግ።

ጥር ላይ ተጋባን። ሙሽራው በአጀብ አቀበቱን ወጥቶ ወደ እኔ ቤት ገባ። ሴቶቹ የሚዘፍኑት ዘፈን ሁሉ ሙሽሪትን ለመውሰድ የተሠራ ስለሆነ፣ ምን እንደሚዘፍኑ ግራ ገብቷቸው በእልልታ ብቻ ጨረሱት። ወለተ ገብርኤል አልመጣችም። ከዚያ በኋላም በደጃችን ማለፍ ተወች፤ በታችኛው መንገድ፣ በገደሉ በኩል ዞራ ታስቀድሳለች ተባለ። ወንዳወቅ አንድም ቀን አልከሰሰኝም። ማታ ማታ ግን መስኮቱን ከፍቶ ወደ ታች፣ ወደ እናቱ ቤት ሲያይ አገኘዋለሁ። ስመጣ ይዘጋዋል። እወደዋለሁና ያ መስኮት ሲዘጋ ያመኛል። ሄጄ ልለምናት እንዴ? አባቴን ወደ መቃብር የሸኘሁት እኔ ነኝ።

በፋሲካ ማግስት፣ ከምሳ በፊት፣ ደጃፉን ልጠርግ ስወጣ ቆማ አገኘኋት። ብቻዋን ናት። ከስታለች። አጥሩን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ጽጌረዳውን አየች፤ እኔን መጨረሻ ላይ አየችኝ።

«ልጄን ወሰድሽብኝ» አለችኝ።

«ወሰድኩ» አልኳት። «እርስዎም አባቴን ወስደውብኛል።»

ትመልስልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመልስ የምላት ብዙ ነበረኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ማር ጭኜ ወልድያ ስመላለስ መንገድ ለመንገድ ያጠናሁት ነው። እሷ ግን ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ጓሮ የወንዳወቅ መላጊያ ይሰማል፤ አንገቷን ወደዚያ ሰበር አድርጋ አዳመጠች።

«ልግባ?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ያልጠየቁትን፣ ልጇ ያልጠየቀውን፣ እኔም ያልጠየቅሁትን፣ እሷ ጠየቀች። ለዚህ መልስ አላጠናሁም።

«ይግቡ» አልኳት።

ይቅር አላልኳትም፤ ለእሱ ገና ጊዜ አለኝ። ምሳ ግን አብረን በላን።